«ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል አምኜ ደንገጎን የወረድኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ባረጀ መኪና እንጀራ ለምትበሉ ሰዎች ነው። እኔ ድሬዳዋ ነኝ። ከድሬ ሐረር የምትመላለስ አንዲት ዶልፊን (ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ) አለችኝ፣ ሹፌሯም ባለቤቷም እኔው ነኝ። ባለፉት ዓመታት በመለዋወጫ የተነሳ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተመትቻለሁ። አንደኛው ኪሴን ባዶ አደረገው። ሁለተኛው 12 ሰው እንደጫንኩ ገደል አፋፍ ላይ አደረሰኝ። ገንዘቡስ ተረሳ። የገደሉ ነገር ግን አሁንም ሌሊት ያባንነኛል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

መኪናዋን የገዛሁት በ2010 ነው። እቁብ ወጣልኝ፣ የጎደለውን ታላቅ እህቴ ሞላችልኝ። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። የዚህን ሞተር ጸባይ የድሬ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ዘይቱን በጊዜው ከቀየርክለት አይሞትም፣ ሙቀት ካስነካኸው ግን ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል። እኔ የመጀመሪያውን ሰምቼ፣ ሁለተኛውን ሳልሰማ ገዛሁ።

መንገዱን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ወደ ሐረር ስትወጡ ያለው ደንገጎ የሚባለው ተራራ ጫፍ ስትደርሱ 2,000 ሜትርን አልፋችኋል። ያን ሁሉ የምትወጡት በጥምዝምዝ መንገድ፣ ከድሬ ሙቀት ተነስታችሁ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እንኳ ይህን ተራራ ወጥቶ ሐረር መግባት ስለከበደው ከሥር ቆመ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሰበብ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ተራራ ባረጀ ዶልፊን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንመላለስበታለን። ሲወጡ ሞተር ይፈተናል፣ ሲወርዱ ፍሬን ይፈተናል። ሜዳ ላይ ዓመት የሚያገለግል ደካማ ዕቃ እዚህ ሳምንት አይቆይም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ርካሽ ማሳደድ ነበር። የዘይት ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የውሃ ቱቦ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ሁሉንም ስም የሌለው ነበር የምገዛው። ስም የሌለው ስል ካርቶኑ ላይ የመኪናው ዓይነት ብቻ ተጽፎ ማን እንደሠራው የማይናገር ዕቃ ማለቴ ነው። «ያው ነው፣ ሁሉም ከቻይና ነው የሚመጣው» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ለሌላው እንደዚያ እል ነበር። ራዲያተሩን የምሞላው ደግሞ በቧንቧ ውሃ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጥል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ያ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም እንደሚጋገር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

በ2011 ሞተሩ መሞቅ ጀመረ። መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «ተርሞስታት የበረዶ አገር ዕቃ ነው፣ ድሬ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ፈቶ ጣለው። ለሁለት ሳምንት የተሻለው መሰለኝ። በኋላ የተረዳሁት ነገር ይህ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ተርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ከጣላችሁት አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል። ሜዳ ላይ አታውቁትም። ደንገጎ ላይ ግን ታውቁታላችሁ።

ክዳኑም እንደዚሁ ነው። ክዳን ማለት መድፈኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፣ ግፊት ሲኖር ደግሞ ውሃው ቶሎ አይፈላም። 2,000 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ራዲያተራችሁ ከዚያ ድስት አይለይም። የኔ ክዳን ስፕሪንግ በጣት ሲጫኑት እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ ይገባ ነበር። ያኔ የክዳን ዋጋ 150 ብር አይሞላም ነበር። ቴስታታው ሲሰነጠቅ ለሥራውና ለዕቃው ያወጣሁት ከ70,000 ብር በላይ ነው፣ ሁለት ወር ሥራ የፈታሁበትን ሳልቆጥር።

እዚህ ላይ ሳልዘገይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተርሞስታት አታስወጡ። ከተበላሸ ቀይሩት፣ በትክክለኛው ቀይሩት። በቧንቧ ውሃ ፋንታ ኩላንት ተጠቀሙ፣ እሱ ካልተገኘ ቢያንስ የተጣራ ውሃ። ክዳኑን ደግሞ የምታውቁት ስም ያለበት ግዙ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ቀን ገቢ ነው የሚያስወጧችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ስህተት የመጣው፣ የባሰው። በርካሽ የተቃጠለ ሰው ውድ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። እኔም «ከእንግዲህ ኦሪጅናል እንጂ ሌላ ዕቃ መኪናዬ ላይ አይገባም» ብዬ ማልኩ። መሐላው ጥሩ ነበር። ኦሪጅናልን ከሌላው መለየት ግን አልተማርኩም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር ኦሪጅናል ውድ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ውድ ሲሉኝ አመንኩ።

በ2015 መጋቢት ላይ የፊት ፍሬን ሸራ አለቀ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ከመደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። የፋብሪካው ስም አለበት፣ በላስቲክ ታሽጓል፣ አብረቅራቂ ምልክትም ተለጥፎበታል። «አቦ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ የጃፓን። ወላሂ ድሬ ውስጥ ሌላ ቦታ አታገኘውም» አለኝ። ዋጋው ከሌላው ሦስት እጥፍ ነው። ከፈልኩ። ሱቁ ውስጥ አልከፈትኩትም። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። የገጠመልኝ ልጅ አሮጌውን ሸራ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥለው እያየሁ ዝም አልኩ። እነዚህን ሦስቱን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሐረር ሞልቼ ተነሳሁ። አወዳይ ላይ ጫት የያዙ ሁለት ሴቶች ጫንኩ። ሐረማያን አልፌ ደንገጎ ጫፍ ደረስኩና ቁልቁለቱን ጀመርኩ። አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። ናፍጣ ለመቆጠብ ብዬ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቼ፣ እወርድ ነበር። ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ሞተሩ ምንም ሳይዝ መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል፣ ሥራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ኩርባ ላይ ሸተተኝ። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ። ከፊት ያለ የጭነት መኪና ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ከወትሮው ዝቅ አለ። ደግሜ ስረግጥ ይበልጥ ዝቅ አለ፣ እንደ ስፖንጅ። በሦስተኛው ወለሉን ነካ። ረዳቱ በመስታወቱ ዓይኔን አየኝ። ምንም አላልኩትም፣ እሱ ግን ገባው። በሩን ይዞ ቆመ።

ፎሌ ላይ ስለነበርኩ ማርሽ ማስገባት ነበረብኝ። ሦስተኛ ገባ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ ጮኸ፣ አልገባም አለ። ነዳጅ ሰጥቼ ሞተሩን አነሳሁትና እንደገና ገፋሁት፣ ገባ። ሞተሩ አጓራ፣ መኪናው ግን ያዘ። ከፊቴ አንድ የጫነ አይሱዙ በዝግታ ይወርዳል፣ በግራዬ ገደል ነው። የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ ሳብኩት። በተራራው በኩል መንገዱ ሰፋ ያለበት ጠጠር ቦታ አየሁ፣ ቀኝ ጎኗን ወደ አፈሩ አስጠጋኋት። እየተፋተገች፣ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ረዳቱ ሳትቆም ነው የዘለለው። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ሲከት ድምፁን ሰማሁት።

ማንም አልጮኸብኝም። ያ ነው እስከዛሬ ሆዴን የሚያባባኝ። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ጫት የያዘችው ትልቋ ሴትዮ ወደ መስኮቱ መጥታ የውሃ ጠርሙሷን ሰጠችኝ። «ጠጣ ልጄ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፊት ጎማው የሚወጣው ጭስ ቀጭን ነው፣ ሰማያዊ።

መኪናዋን በማግስቱ ከዚራ አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስጎተትኳት። ጋሼ እንለዋለን። በወጣትነቱ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የተማረ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ጎማውን ፈታ፣ ሸራውን አወጣ፣ ጨርቅ ላይ አስቀመጠውና «ና እየው» አለኝ።

የሸራው ፊት እንደ መስታወት ያበራል። ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ አንደኛው ከጀርባው ብረት ግማሹ ተላቋል። ዲስኩ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ጋሼ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ሸራውን ሲነካው እንደ ደረቅ ጭቃ ፈረሰ። ከዚያ ከመሳቢያው ሌላ ያለቀ ሸራ አወጣ፣ ከሌላ መኪና የፈታው። ቀጭን ሆኗል፣ ግን ሲነኩት ድንጋይ ነው። ጀርባውን ገለበጠው። ብረቱ ላይ የሠሪው ምልክትና ቁጥር ተቀርጿል። የኔን ገለበጠው። ጥቁር ቀለም ብቻ። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀው፣ ተነሳ። ከሥሩ ምንም የለም።

«ኦሪጅናል ነው ብለውኝ ነው ጋሼ» አልኩት።

«ካርቶኑ ኦሪጅናል ይሆናል» አለ። «መኪናህን የሚያቆመው ካርቶኑ ነው?»

ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ከፈተው። ቡና ይመስላል። መቼ እንደቀየርኩት ጠየቀኝ፣ መልስ አልነበረኝም። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ እየጨመርኩ እንጂ ቀይሬ አላውቅም። ያን ቀን ነው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እንደሚመጥ የነገረኝ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። እግሬ ወለል የነካው ለዚያ ነው። «ሸራው አጋለው፣ ዘይቱ ፈላ፣ አንተ ደግሞ በፎሌ ወረድክ። ሦስታችሁ ናችሁ» አለኝ። ሻጩን ብቻ ለመክሰስ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ዝም አልኩ።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሰውየው «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ስለሌለኝ፣ ካርቶኑንም ስለጣልኩት የምለው ነገር አልነበረኝም። ተመልሼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከጋሼ ጋራዥ አልጠፋም። ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያ እቀመጣለሁ፣ ዕቃ ሲፈታ አያለሁ። ዋናው የተማርኩት ነገር «ኦሪጅናል ወይስ ቻይና» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። መለዋወጫ ሁለት ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የመኪናው ፋብሪካ በራሱ ካርቶን የሚያወጣው አለ። ሁለተኛ በራሳቸው ስም የሚሸጡ፣ ስማቸውን ለማቆየት የሚጨነቁ ሠሪዎች አሉ። አይሲንና ዴንሶን ውሰዱ፣ የቶዮታ ቤተሰብ ናቸው፣ ለፋብሪካው ራሱ ዕቃ ያቀርባሉ። አይሲን የውሃ ፓምፕ ገዝታችሁ በራሱ ካርቶን ስታገኙት ከኦሪጅናሉ ረከስ ይላል፣ በጥራት ግን አያሳፍራችሁም። ለኩሽኔታ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን። ለአሞርዛተር ካያባ። ለቴስቲና (የመሪ መገጣጠሚያ) 555 የሚባለው የጃፓን ዕቃ። ለፍሪሲዮን ኤክሰዲ። ሦስተኛው ስም የሌለው ርካሽ ዕቃ ነው። አራተኛውና አደገኛው የሌላውን ስም ሰርቆ የለበሰው ነው።

ለምን አደገኛ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ስም የሌለውን ርካሽ ዕቃ ስትገዙ ርካሽ መሆኑን ታውቃላችሁ። ትጠነቀቃላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ታዩታላችሁ። ሐሰተኛውን ስትገዙ ግን ተማምናችሁ ትተኛላችሁ። እኔ ደንገጎን በፎሌ የወረድኩት ከፊት ያለው ሸራ የጃፓን ነው ብዬ ልቤን ስለሞላሁት ነው። ርካሽ መሆኑን ባውቅ እንደዚያ አልወርድም ነበር። ስለዚህ ውድ ሐሰተኛ ከመግዛት ርካሽ ግን ስሙ የታወቀ እውነተኛ መግዛት ይሻላል። ይህ የኔ አቋም ነው፣ ከብዙ ሹፌሮች ጋር ተከራክሬበታለሁ፣ አልለውጠውም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? መቶ በመቶ የሚለይ መንገድ የለኝም። ግን ብዙውን የሚያጠራ ልማድ አለኝ።

አሮጌውን ዕቃ ሳልይዝ ሱቅ አልገባም። ፌስታል ውስጥ እከተዋለሁ። አዲሱን ካርቶን ሻጩ ፊት እከፍታለሁ። «ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ውጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ በእጃችሁ መዝኑ። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ጠርዙ ሸካራ ነው፣ ብረቱ የተቆረጠበት ቦታ እጅ ይቧጥጣል። ጽሑፉን በጣታችሁ ዳብሱት። በቀለም የተጻፈና ብረቱ ላይ የተቀረጸ አንድ አይደሉም።

የቶዮታ ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ። የዕቃ ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው፣ አምስትና አምስት ሆኖ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 04495 የኋላው። 13568 ታይሚንግ ቤልት። 16100 የውሃ ፓምፕ። 17801 የአየር ፊልትሮ። የቀረው ለየትኛው መኪና እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ የመኪናዬን ቁጥሮች ከሻንሲ ቁጥሯ አስፈልጌ ደብተር ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ስልክ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ቁጥሩን መፈለግ ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ «ለዶልፊን ነው» የተባልኩትን ፊልትሮ ቁጥሩን ስፈልገው የሌላ መኪና ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩ ሊያታልለኝ አልነበረም፣ እሱም አያውቅም ነበር።

ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይ «ፍሬን ሸራ» ብቻ ሳይሆን የሠሪው ስምና ቁጥሩ እንዲጻፍ አድርጉ። ኦሪጅናል ነው የሚል ሻጭ ያንን መጻፍ የሚከብደው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል፣ «ጻፍልኝ» ስል «አይ ይሄኛው እንኳ...» ብሎ ሌላ ካርቶን ያወረደ አለ።

መካኒክ ብቻውን ዕቃ እንዲገዛ አትላኩ። ሁሉም ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ሱቆች ለሚያመጣ መካኒክ ኮሚሽን ይሰጣሉ፣ ያ ደግሞ ምርጫውን ያጣምመዋል። አብራችሁ ሂዱ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ አትተዉት፣ ውሰዱት። ጥሩው አሮጌ ዕቃ ለሚቀጥለው ግዢ መመዘኛችሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛ ስህተትም ሠርቻለሁ፣ ትንሽ ነው ግን ልንገራችሁ። ሁሉንም ነገር ኦሪጅናል ላድርግ ብዬ የበር እጀታ፣ የመስታወት ሽፋን፣ የፓራውልት ማሰሪያ ሳይቀር አዲስ አበባ ማዘዝ ጀመርኩ። ገንዘቤ እዚያ አለቀ። ታይሚንግ ቤልቱ ጊዜው ሲደርስ የምከፍለው አጣሁና ሁለት ወር አዘገየሁት። በዚህ ሞተር ላይ ታይሚንግ ቤልት በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ፈጣሪ ጠበቀኝ እንጂ ሌላ ቴስታታ ነበር። ጋሼ ሲሰማ ተቆጣኝ። «አቦ የበር እጀታ ሲሰበር በሩን በገመድ ታስራለህ። ቤልት ሲበጠስ ምን ታስራለህ?»

ስለዚህ አሁን ገንዘቤን የማወጣው እንዲህ ነው። መኪናውን ለሚያቆም፣ ለሚያዞርና ለሚያቀዘቅዝ ነገር፣ እንዲሁም ለታይሚንግ ቤልት አልደራደርም። ፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎሚኒ (ላስቲኩ) እና ዘይት፣ ቴስቲና፣ ተርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕ እዚህ ውስጥ ናቸው። ኦሪጅናል ወይ ስሙ የታወቀ፣ ከዚያ ውጪ መኪናዋ ትቁም። መብራት፣ መስታወት፣ እጀታ፣ ወንበር፣ ፓራውልት ከየትም ይምጣ። የዘይት ፊልትሮ መሃል ላይ ነው። ርካሹ ዘይቱን ሞተር ሲጠፋ ስለሚለቀው ጠዋት ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ ሞተሩ ደረቁን ይዞራል። እኔ እዚያ ላይ አልቆጥብም።

ያገለገለ ዕቃን አትናቁ። ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የኋላ አክስል የመሳሰሉት ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ስም ከሌለው አዲስ ሲሻል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሐረርን ፔዦ 404 ታክሲዎች አስቡ። እነዚያ መኪናዎች ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የመጡ ናቸው። ሹፌሮቹ ከአንዱ ሬሳ ለሌላው እየፈቱ፣ የማይገኘውን ቶርኖ ቤት እያስቀረጹ ነው ያቆዩአቸው። ግን ያገለገለ የማይገዛም አለ። ፍሬን ሸራ፣ ቤልት፣ የውሃ ቱቦ፣ ጎሚኒ፣ ሲል። ላስቲክ የሆነ ነገር ሁሉ በመቀመጥም ያረጃል። ኦሪጅናል ቤልት ሆኖ ድሬ ሙቀት ውስጥ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አይቻለሁ፣ ጎንበስ ስታደርገው ስንጥቅ ያሳያል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «አዲስ ነው» ተብሎ የስድስት ዓመት ጎማ የተሸጠለት ጓደኛ አለኝ።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ደግሞ በቀጥታ ደንገጎ አትውጡ። ከተማ ውስጥ፣ ወይ ሜዳ ላይ፣ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆናችሁ ረጋ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙት፣ መሃል መሃል ይቀዝቅዝ። ሸራውና ዲስኩ ይላመዳሉ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉውን ቀይሩ። ቁልቁለት ስትወርዱ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፎሌ አታድርጉ፣ ሞተርም አታጥፉ። የናፍጣ መኪና ላይ ለፍሬኑ የሚያግዘው ቫክዩም ከሞተሩ ነው የሚመጣው፣ ሞተር ሲጠፋ ፔዳሉ እንጨት ይሆናል። እኔ በፎሌ የቆጠብኩትን ናፍጣ አስልቼው አላውቅም። 12 ሰው ግን ቆጥሬያለሁ።

አሁን ነገሩ ከብዷል፣ አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ አልተቀመሰም። በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና ማስገባትም ስለተከለከለ ያለንን ይዘን መቆየታችን ነው። አሮጌ መኪና በበዛ ቁጥር ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥለትም ይበዛል። ገንዘብ ሲጠብ ደግሞ ሰው ይቸኩላል። ገንዘብ ከሌላችሁ ከሐሰተኛ ዕቃ መቆም ይሻላችኋል። ከባድ ቃል ነው፣ ልጆች ላሉት ሰው ይበልጥ ይከብዳል፣ እኔም ልጆች አሉኝ።

ባለፈው ወር መናኸሪያ ላይ አንድ ወጣት ሹፌር ካርቶን ይዞ መጣ። ታሪኬን ሰምቷል መሰለኝ፣ «እስቲ እየው» አለኝ። የፊት ፍሬን ሸራ ነው። አብረን ሱቁ ሄድን፣ ባለቤቱ ፊት ከፈትነው። ጀርባው ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ተነሳ። ባለ ሱቁ ሳይከራከር ገንዘቡን መለሰለት። ልጁ ከአዲስ አበባ አዘዘ። ሁለት ቀን ሥራ ፈታ፣ ሁለቱንም ቀን መናኸሪያ መጥቶ መኪኖች ሲሞሉ ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰለት። እዚያው ቆመን ካርቶኑን ቀደድነው፣ ሸራውን ገለበጥነው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ነበር።